«ጠባሳውን የት አደረስከው?»

ይህን ጥያቄ የጠየቁኝ የሰፈራችን ሴት ናቸው። ስማቸውን እዚህ መጥቀስ አያስፈልግም፤ እኛም የሰፈሩ ልጆች «እትዬ» ብቻ እያልናቸው ነው ያደግነው። ባለቤታቸው፣ ጋሼ፣ አናጢ ነበሩ። ጋሼ ባረፉ በአራተኛው ሳምንት ላይ እትዬ ጥቁር ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ከቤታችን ብቅ አሉና፣ «አንተ ልጅ፣ ፎቶግራፍ ተምሯል ሲሉ ሰማሁ። እስቲ ለአርባው እንዲደርስ የጋሼህን ፎቶ አሳምረህ አሳጥብልኝ» አሉኝ።

እርግጥ ነው፣ ተምሬአለሁ። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ከያዝኩ በኋላ ለዓመታት ስጽፍ፣ ለጽሑፎቼ የሚሆን ፎቶግራፍ የሚያነሳልኝ ሰው እየቸገረኝ፣ በመጨረሻ አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁና ማታ ማታ ትምህርት ገባሁ። መጀመሪያ ስለ ብርሃን፣ ቀጥሎ ስለ ዕቃው፣ ከዚያ በኮምፒዩተር ላይ ስለሚደረገው እርማት ተማርኩ። እናም በልበ ሙሉነት «ይምጣ እትዬ» አልኳቸው።

የመጣው የልጃቸው ሞባይል ነው። ጋሼ በጥምቀት ዕለት ነጭ ጋቢ ደርበው ቆመዋል። ጋቢው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጥለቱ እንኳ ይቆጠራል። የጋሼ ፊት ግን የለም። በጋቢውና በባርኔጣው መካከል ያለው ጥላ ብቻ ነው። ሌላ ፎቶግራፍ እንዳለ ብጠይቅ፣ የወጣትነት ዘመን ጉርድ ብቻ ተገኘ። እሱ ደግሞ ልጆቻቸው የሚያውቁት መልክ አይደለም።

ሁለት ሌሊት ሠራሁበት። ጥላውን ገለጥኩት። ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ ግንባራቸው፣ ቀጥሎ ጉንጫቸው፣ ኋላም ዐይናቸው ብቅ አለ። ደስ አለኝ። ደስታ ደግሞ መጥፎ አማካሪ ነው፤ በዚያው ቀጠልኩ። የግንባራቸውን መስመር አለሰለስኩ። የዐይናቸውን ስር እብጠት አነሳሁ። ከግራ ቅንድባቸው ላይ አንድ ቅንድቡን ለሁለት የሚከፍል ሰንበር ነበረ፤ እሱንም ዳበስ ዳበስ አድርጌ አጠፋሁት። በአርባው ዋዜማ አሳጥቤ፣ በመስታወት አስገጥሜ አደረስኩላቸው።

እትዬ ፎቶግራፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉ። ጥቂት ቆይተው በጣታቸው የግራ ቅንድቡን እየነኩ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ጠባሳውን የት አደረስከው?» አሉኝ።

ኋላ እንደ ነገሩኝ፣ ጋሼ ለጎጆ መውጫቸው አልጋ ሲሠሩ እንጨት ተፈናጥሮ የመታቸው ነው። እትዬ ደሙን የጠረጉት በራሳቸው ነጠላ ነበር።

* * *

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ እንዲያው ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። እኔን ግን ሰንብቶም አልለቀቀኝም። ጥፋቴ ምን ነበር? ፎቶግራፍ መንካቴ ነው? ብዙ ሰው «ካሜራ አይዋሽም፤ የሚዋሸው የሚያሳምረው ነው» ይላል። ይህ መልስ ቀላል ነው፣ ንጹሕም ይመስላል። ነገር ግን እኔ ፎቶግራፉን ባልነካው ኖሮ እትዬ ለአርባው የሚያቆሙት ፊት አልነበራቸውም። ያልተነካው ፎቶግራፍ ጋሼን ፊት የለሽ ያደረገ ፎቶግራፍ ነው። ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ? ይህን ለመመለስ ፊታቸው ለምን እንደ ጠፋ ማወቅ ያስፈልጋል።

በካሜራ ውስጥ የብርሃን መለኪያ አለ። ይህ መለኪያ ጋቢ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ፊት ምን እንደ ሆነም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ በፊቱ ያለው ዓለም ሁሉ ሲደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ያምናል። የሙያው ሰዎች ይህን ግራጫ 18 በመቶ ይሉታል፤ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን መልሶ የሚሰጥ ማለት ነው። ነጭ ጋቢ ግን ያረፈበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል። መለኪያው በዚህ ጊዜ «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይደነግጥና በሩን ያጠባል። ጋቢው ወደ ግራጫነት ይወርዳል፤ ፊቱም አብሮ ይወርዳል። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ደግሞ ሲጀመርም የሚመልሰው ብርሃን ከጋቢው እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ የሚወርድበት ቦታ ጨለማ ነው። በዚያ ላይ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ወርዳ የዐይን ጉድጓድን በጥላ ስትሞላው፣ የባርኔጣ ጥላም ሲታከልበት፣ ሰውየው ጠፋ ማለት ነው።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ብርሃኑን ከጋቢው ሳይሆን ከፊቱ መለካት፣ ወይም መለኪያው ካለው በላይ አንድና ሁለት ደረጃ መጨመር ነው፤ አንድ ደረጃ ጨመርክ ማለት ብርሃኑን እጥፍ አደረግህ ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰውየውን ከቀትሩ ፀሐይ አውጥቶ ከበረንዳ ጥላ ስር ማቆምና በደረቱ አቅጣጫ አንድ ነጭ ነገር መዘርጋት ነው። ነጠላ ይበቃል። ያ መለኪያውን ያሳሳተው ነጭ ጨርቅ፣ ቦታው ሲለወጥ ብርሃን መልሶ ፊት ላይ የሚያፈስ ይሆናል። ወደ ፊቱ ባቀረቡት መጠን ይበረታል፤ ባራቁት መጠን ይደክማል። ለአንዲት ትንሽ አምፖል ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ እንደሚወርድ የተማርኩትም በዚሁ ጊዜ ነው።

እንግዲህ መለኪያው ክፋት የለውም፤ ግን አመለካከት አለው። ዓለምን አማካይ አድርጎ ያያል። ከአማካዩ የራቀ ሁሉ ይጎዳል።

አመለካከቱ በመለኪያው ብቻ አላበቃም። የቀለም ፊልም በተስፋፋበት ዘመን የአሜሪካው የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶግራፍ አጣቢዎች የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ የነጭ ሴት ምስል ነበረበት። የመጀመሪያዋ ሞዴል የኩባንያው ሠራተኛ ሸርሊ ትባል ስለነበር ከእሷ በኋላ የመጡት ካርዶች ሁሉ «የሸርሊ ካርድ» ተባሉ። አጣቢው የሸርሊ ቆዳ ካማረ ሥራው ተሳክቷል ይላል፤ ሌላው ሰው በእሷ ልክ ይታጠባል። በካናዳ የኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሎርና ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ከኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች የሰማችውን ጽፋለች። ፊልሙ ቡናማ ቀለምን በቅጡ አይለይም ብለው አምርረው ያማረሩትና ኩባንያው የሰማቸው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ናቸው። የአንዱ ቸኮሌት ከሌላው፣ የአንዱ እንጨት ከሌላው አልለይ ብሏቸው ነበርና። ኮዳክ የተለያየ ቆዳ ያላቸውን ሴቶች በአንድ ካርድ ላይ ያወጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እንኳ ጉግል የሞባይል ካሜራው ጠቆር ያለ ቆዳን በትክክል እንዲያነሳ ማሻሻሉን እንደ አዲስ ነገር አስታውቋል።

ይህን ስማር ጋሼን አሰብኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዋንዛውን ከጽድ፣ ጥዱን ከባሕር ዛፍ በቀለሙ ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ለቡናማ ቀለም ጠበቃ የቆመለት እንጨቱ ነበር።

ስለዚህ የጋሼን ፊት ከጥላው ማውጣቴ ማታለል አልነበረም። በጥምቀት ዕለት በዚያ ሜዳ አጠገባቸው የቆመ ሰው ፊታቸውን በደንብ ያይ ነበር። ዐይን ያየውን ካሜራው ነው የሸሸገው። እኔ የመለስኩት የተወሰደባቸውን ነው። እስከዚህ ድረስ ሕሊናዬ ንጹሕ ነው።

* * *

ከዚያ በኋላ ያለውስ?

ፎቶግራፍን ማሳመር ዛሬ በኮምፒዩተር የመጣ ጉድ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ፎቶግራፍ በፓሪስ ለዓለም ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኔጋቲቩን በብዕርና በእርሳስ እየነካኩ መጨማደድን ማጥፋት የታወቀ ሙያ ሆነ። በጨለማ ክፍል ውስጥም ቢሆን አጣቢው መዳፉን ከብርሃኑ ፊት ወዲያ ወዲህ እያደረገ አንዱን ቦታ ያፈካል፣ ሌላውን ያጠቁራል። በእኛም አገር ፎቶ ቤቶች ጥቁርና ነጩን ፎቶግራፍ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይቀቡት ነበር፤ የሴቶቹ ከንፈር ይቀላል፣ ጉንጫቸው ይፈካል። ከኋላቸው ደግሞ በሸራ ላይ የተሳለ ሐይቅ፣ ደረጃ ወይም አውሮፕላን አለ። ያን ፎቶግራፍ አይቶ «አክስቴ አውሮፕላን ነበራት» ብሎ የተታለለ ሰው አላውቅም። ሁሉም ሸራ መሆኑን ያውቃል። ጨዋታ ነው፤ ተነሺውም አንሺውም ተመልካቹም ተስማምተውበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር የተገለጠልኝ ይመስለኛል። ውሸት የሚሆነው መንካቱ ብቻውን አይደለም። ውሸት የሚሆነው ተመልካቹ ያልተነካ ነው ብሎ በሚያምንበት ቦታ፣ እምነቱን የሚያፈርስ ነገር ሲደረግ ነው።

ለዚህ በጋዜጠኝነት ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚነሳ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1994 ኦ.ጄ. ሲምፕሰን የተባለው የአሜሪካ ዝነኛ ስፖርተኛ በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ ሲያዝ ፖሊስ ፎቶግራፍ አነሳው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ኒውስዊክና ታይም መጽሔቶች ይህንኑ አንድ ፎቶግራፍ በሽፋናቸው አወጡት። የኒውስዊክ እንዳለ ነው። የታይም ግን ጠቁሯል፤ ፊቱ በጥላ ተውጧል። ገና ፍርድ ያልተሰጠበት ሰው በቆዳው ቀለም አማካይነት ይበልጥ አስፈሪ ሆነ ተብሎ ቁጣ ተነሳ። መጽሔቱም ለአንባቢዎቹ ማብራሪያ ለመስጠት ተገደደ። ልብ በሉ፦ ከፎቶግራፉ ላይ የተቀነሰ ሰው የለም፤ የተጨመረ ዕቃም የለም። የተለወጠው ብርሃኑ ነው።

ይህ ምሳሌ እኔን በሁለት በኩል ይወጋኛል። ብርሃን መጨመር ጋሼን ከጨለማ አወጣቸው፤ ብርሃን መቀነስ ሌላውን ሰው ወደ ጨለማ አስገባው። መሣሪያው አንድ ነው። እንግዲያው «ብርሃኑን ብቻ ነው የነካሁት» ማለት ማንንም ነጻ አያወጣም። መጠየቅ ያለበት፣ ሰውየው በአካል ከፊታችን ቢቆም ኖሮ ወደምናየው ቀረብን ወይስ ራቅን የሚለው ነው።

በዚህ ሚዛን የራሴን ሥራ መዘንኩት። ፊታቸውን ስገልጥ ወደ ጋሼ ቀረብኩ። ጠባሳቸውን ስፍቅ ራቅኩ። ብርሃን ያጠፋውን መመለስና ዕድሜ የጻፈውን መሰረዝ በአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ እጅ የሚሠሩ ናቸውና ድንበሩን ሳላውቀው ተሻገርኩት።

* * *

ነገር ግን ፍርዱ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። አላለቀም። የሞተ ሰው አይጠየቅም፤ በሕይወት ያለው ሰው ግን አፍ አለው፣ የሚፈልገውንም ይናገራል።

አንዲት ልጅ የምረቃ ፎቶግራፍ ልታነሳኝ መጣችና ተነስታ ስታበቃ፣ «ትንሽ ቀላ አድርገኝ» አለችኝ። ጠይም ናት፤ ደማም ጠይም። ምን ልበላት? ፊቱ የእሷ ነው። ገንዘቡም የእሷ ነው። ምረቃውም የእሷ ነው። እኔ ማን ነኝና ስለ ሸርሊ ካርድ ትምህርት እሰጣታለሁ? አቀላኋት። ገንዘቤንም ተቀበልኩ። ስትሄድ ግን አንድ የሰረቅሁት ነገር ያለ መሰለኝ። ምኞቷን ካርዱ ፈጠረው አልልም፤ ከካርዱ በፊትም «ቀይ ናት» ማለት ማሞገስ የሆነበት አገር ነው ያለነው። ግን ከዚያ ወዲያ እሷ ራሷን ባየች ቁጥር እኔ ለዚያ ሐሳብ ማኅተም አድርጌበታለሁ።

ሌላዋ ይህንኑ ስትጠይቀኝ ወደ ኮምፒዩተሩ አልቸኮልኩም። «እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ላንሳሽ» አልኳት። ከመስኮቱ አጠገብ በጎን አስቀመጥኳት። በሌላው ጎኗ ነጭ አንሶላ ዘረጋሁ። ካሜራውን አርቄ ረጅሙን ሌንስ ገጠምኩ፤ ከቅርብ ሆነው ሲያነሱ አፍንጫ ያለ ልኩ ይገዝፋልና። ብርሃኑን ከጉንጯ ለካሁ። ስታየው ዝም አለች። ቀጥላም፣ «ይቺን ብጉር ብቻ አጥፋልኝ» አለች። አጠፋሁላት። የሙያው ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ የሚጠፋውን ብታጠፋ አታሳስትም ይላሉ፤ ብጉር እንግዳ ነው፣ ጠባሳ ግን ባለቤት ነው።

ይህ ታሪክ ሁልጊዜ በዚህ ዐይነት የሚያልቅ እንዳይመስላችሁ። መስኮቱንና አንሶላውን አይተው አሁንም «ቀላ አድርገኝ» የሚሉ አሉ። ለእነሱ የምለው ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘሁም። አንዳንዱን ጊዜ እሠራለሁ፤ አንዳንዱን ጊዜ ሌላ ሰው እጠቁማለሁ። የማደርገው አንድ ነገር ግን አለ፦ ያልተነካውንም አብሬ እሰጣቸዋለሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጃቸው «እማዬ፣ ያኔ ምን ትመስይ ነበር?» ብትል የሚያሳዩአት ይኑራቸው ብዬ ነው።

ለጋዜጣ በማነሳው ላይ ደግሞ ምርጫ የለኝም። እዚያ አንባቢው የሚያየው «ይህ ሆኗል» ተብሎ ነው። ጥላ መግለጥ፣ ዳር መቁረጥ ይፈቀዳል፤ ከፎቶግራፉ ውስጥ አንዲት ጠጠር እንኳ ማንሳትም መጨመርም አይፈቀድም። ዐመፀኛም ሆነ ቅዱስ፣ ጠጠሩ እንዳለ ይቀመጣል።

በእትዬ ላይ የሠራሁት ጥፋት ታዲያ ከሁለቱም የተለየ ነው። ተመልካችን ለማታለል አላሰብኩም። የሰውየውንም ፈቃድ አልጣስኩም፤ የሚጠየቅ ሰው አልነበረማ። ጥፋቴ ሳልጠይቅ መፍረዴ ነው። «ይህ እንከን ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ለእኔ አንዲት ሰንበር፣ ለእሳቸው ግን የአልጋቸው፣ የጎጆአቸው፣ ደም የጠረጉበት ነጠላ ታሪክ ነበረች። እትዬ ራሳቸው «ጠባሳውን አጥፋልኝ» ቢሉኝ አጠፋው ነበር፤ መብቱ የእሳቸው ነውና። እኔ የትኛው መስመር የሕይወት፣ የትኛው የድካም እንደ ሆነ ሳላውቅ፣ ማሽኑ ስለሚችል ብቻ አደረግኩት። የዛሬው መሣሪያ ደግሞ ይብሳል፤ ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲነኩት የሰውን ዕድሜ ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ያለሰልሳል። እጅ ሲሠራ ቢያንስ ድካም አለው፤ ሲደክም ቆም ብሎ ያስባል።

ደግነቱ ከትምህርቴ አንድ ነገር አልረሳሁም ነበር። አስተማሪያችን በየቀኑ የሚደጋግመው፣ «ዋናውን አትንኩ፤ ቅጂው ላይ ሥሩ» የሚል ነበር። ዋናው አለ። ያን ምሽት ከእትዬ ቤት ወጥቼ እንደገና ተቀመጥኩ። ጥላውን ገለጥኩ፤ ከዚያ እጄን ሰበሰብኩ። የግንባሩ መስመር ይኑር። የዐይኑ ስር ይኑር። ቅንድቡን ሳሰፋው ሰንበሩ ከነስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ መጀመሪያ ስፍቀው እንኳ በቅጡ አላየሁትም ነበር።

በነጋታው በማለዳ፣ ድንኳኑ እየተተከለ ሳለ፣ አዲሱን ፎቶግራፍ ይዤ ገባሁ። እትዬ ከጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። የመስታወቱን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ጣታቸው እንደ ትናንቱ ወደ ግራ ቅንድቡ ሄደ፣ እዚያው ቆየ።

«አሁን እሱ ነው» አሉ።